ከዓባይ በረሃ እስከ ባሕር ዳር፦ የቢቸናና የሞጣ መንገድ ቅኝት

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስዱት የአስፋልት መንገዶች ሁለት ናቸው። እስከ ደጀን አንድ ሆነው ይመጡና እዚያ ይለያያሉ። የግራው በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዞሮ 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባሕር ዳር ይገባል። የቀኙ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገባል። ልዩነቱ 75 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ቅኝት የቀኙን ይዞ ይሄዳል።

የቀኙ መንገድ ለረጅም ዘመን ጠጠር ነበር። ክረምት ላይ ጭቃ የያዘው አይሱዙ ቆሞ መዋሉ፣ በጋ ላይ የኋላው መኪና የፊተኛውን አቧራ እየቃመ መከተሉ የተለመደ ነበር። በዚያ ጊዜ የቢቸናና የሞጣ ሾፌር ካልሆነ በቀር ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው በዚህ በኩል አይመጣም፤ 75 ኪሎ ሜትር የሚያተርፈው መንገድ በሰዓት ሲቆጠር ያከስር ነበርና። አስፋልቱ ከተነጠፈ ወዲህ ደጀን የምርጫ ቦታ ሆነ።

ርቀቶቹን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይጠቅማል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደጀን 229፣ ቢቸና 265፣ ሞጣ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ከደጀን ቢቸና 36፣ ከቢቸና ሞጣ 105 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከሞጣ ባሕር ዳር ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ጀምሮ ሲደመር የቀኙ 261፣ የግራው 336 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ልዩነቱ በነዳጅም ይሰላል። በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ናፍጣ የምትጨርስ የጭነት መኪና በ75 ኪሎ ሜትር 22 ሊትር ተኩል ትቆጥባለች። አንድ ሊትር ናፍጣ 49 ብር ከ02 ሳንቲም በገባበት በሰኔ 2014 መጨረሻ ይህ 1,103 ብር ያህል ነበር። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ዋጋው 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሲሆን ያው 22 ሊትር ተኩል 2,227 ብር ሆነ። መንገዱ ሳይረዝምና ሳያጥር በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ያቋራጩ ዋጋ እጥፍ ሆኗል።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን

ምርጫው ከመምጣቱ በፊት ሁሉም የሚያልፍበት ቦታ አለ። ጎሐ ጽዮን ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእሷ እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ቆላ ይወረዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ተመልሶ ይወጣል። ሲወርዱ ካፖርት ያወልቃሉ፤ ደጀን ሲደርሱ መልሰው ይለብሳሉ።

በቁልቁለቱ የሚወርድ የከባድ መኪና ሾፌር ገና ከአፋፉ ሳይነሣ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ እስከ ታች ድረስም በሞተሩ ኃይል እየያዘ ይወርዳል። ፍሬን የሚረግጠው አልፎ አልፎ ነው። ደጋግሞ ከረገጠ ሸራው ይግላል፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ በመስኮት ሲገባ ረዳቱ ከሾፌሩ እኩል ያውቀዋል። ያኔ ሰፋ ያለ ዳር ተፈልጎ ይቆማል፤ ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘልና ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፤ ፍሬኑ እስኪበርድ ይጠበቃል። በዳገቱ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። የተጫነ ተሳቢ በሰው እርምጃ ፍጥነት እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው የሚሰለፉት መኪኖች ቀዳሚውን ለማለፍ ቀጥ ያለ ቦታ ይጠብቃሉ። ኩርባው ብዙ፣ ቀጥታው አጭር ስለሆነ የሚጠብቁት ረጅም ነው።

መንገዱ የተሠራው ተረጋግቶ በማይቀመጥ ቁልቁለት ላይ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም በየቦታው እየተሳበ ሞገድ ይሠራል። አንዳንዱ ቦታ በቅርብ የታደሰ ሆኖ ሳለ ይንሻፈፋል፤ አንዳንዱ ከዓመት ዓመት ሳይነቃነቅ ይኖራል። ዘወትር የሚመላለስ ሾፌር የትኛው ኩርባ ላይ መሪ እንደሚጎትት በቃሉ ይዞታል።

ከታች ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን አሉ። አሮጌው ጠባብ ነው። አዲሱ፣ የህዳሴ ድልድይ የሚባለው፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ ጳጉሜን 2000 ላይ ተከፈተ፤ ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። በገመድ የተያዘ ስለሆነ ከሩቁ ምሰሶዎቹ ይታያሉ። ድልድዩ ላይ ማለፍ የደቂቃ ነገር ነው፤ እሱ ዘንድ ለመድረስና ከእሱ ለመውጣት የሚወስደው ጊዜ ግን እንደ ጭነቱ ይለያያል። ባዶውን የሚሄድ የቤት መኪና ጎሐ ጽዮን ላይ የጠጣው ቡና ሳይበርድለት ደጀን ይደርሳል። የተጫነው ተሳቢ ግማሽ ቀኑን እዚሁ ሊፈጅ ይችላል።

ደጀን

ደጀን የመጀመሪያዋ የጎጃም ከተማ ናት። ከበረሃ የወጣ ሞተር የሚያርፍባት፣ ጎማ የሚነካባትና ምሳ የሚበላባት ቦታ በመሆኗ ጎሚስታዎችና ምግብ ቤቶች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል።

መገንጠያው ላይ ሾፌሮች የሚመርጡት በርቀት ብቻ አይደለም። በግራው መንገድ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላን የመሰሉ ትልልቅ ከተሞች ተከታትለው ይመጣሉ፤ በመንገድ ላይ ወራጅና ተሳፋሪ ይበዛል፤ መለዋወጫና መካኒክም በቅርብ ይገኛል። በቀኙ በኩል ያን ያህል ስፋት ያላቸው ቢቸና፣ ሞጣና አዴት ናቸው። ስለዚህ በየከተማው ሰው እያወረደ የሚሞላ አውቶቡስ ግራውን ይመርጣል። አንድ ጊዜ ጭኖ ባሕር ዳር ላይ የሚያራግፍ አይሱዙና በግሉ የሚጓዝ የቤት መኪና ወደ ቀኝ ያደላል። ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያሉት ከተሞች ማነስ ለአንዱ ጉድለት፣ ለሌላው ትርፍ ነው።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ከሁሉም የሚቀድም ጥያቄ አለ። በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት የተነሣ ሁለቱም መንገዶች የተዘጉባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አንዱ ተከፍቶ ሌላው የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ሾፌሩ ከመነሣቱ በፊት ፊት ወዳሉት ከተሞች ስልክ ይደውላል፤ ከወዲያ የመጣ መኪና ካገኘም መብራት አጥፍቶ አብርቶ ያስቆመውና ይጠይቀዋል። መልሱ «ይታለፋል» ከሆነ ርቀቱ ይሰላል፤ ካልሆነ 75 ኪሎ ሜትር ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ከደጀን እስከ ቢቸና

ይህ 36 ኪሎ ሜትር የጥቁር አፈር አገር ነው። ወልካው በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጤፍ ይወደዋል፤ የዚህ አካባቢ ነጭ ጤፍ አዲስ አበባ ገበያ ድረስ ስሙ የሚጠራው ከዚሁ አፈር ነው። መንገድ ግን አይወደውም።

አፈሩ ሲያብጥ አስፋልቱን ከሥር ያነሣዋል፤ ሲሟሽሽ ይለቀዋል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም በመጀመሪያ የሚጎዳው የመንገዱ ዳር ነው፤ ምክንያቱም ውኃ የሚገባውም የሚደርቀውም ከጠርዙ በኩል ነው። ከጠርዙ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሚሄድ ስንጥቅ ከታየ ከሥሩ ወልካ እንዳለ መንገድ ሠሪዎች ያውቃሉ። መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በተመረጠ ሌላ አፈር መተካት፣ የማይቆፈረውን በኖራ ማጠንከር፣ ውኃው ወደ መንገዱ እንዳይጠጋ ቦዩን በጥልቀትና በርቀት ማውጣት። ከሦስቱ በጣም ርካሹ ቦይ ነው፤ በፍጥነት የሚደፈነውም እሱ ነው። ቦዩ ክፍት በሆነበት ቦታ አስፋልቱ ደህና ነው። ገበሬው ወደ ማሳው ለመሻገር በሞላበት ወይም ደለል በደፈነው ቦታ ላይ ግን ጠርዙ ተቆራርሷል።

አፈርና አየር አዲስ መንገድን የሚፈትኑት በዚህ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዞች የመጀመሪያውን የሞተር መንገዳቸውን በፕረስተን ከተማ ዳር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1958 ሲከፍቱ ርዝመቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከመሬቱ ሥር ገብቶ የነበረ ውኃ በውርጭ ቀዝቅዞ ሲፈታ የመንገዱን ገጽ ጎዳውና ከተከፈተ በ46 ቀኑ ለጥገና ተዘጋ። እዚያ ውርጭ ያደረገውን እዚህ ወልካ ያደርጋል፤ መነሻው በሁለቱም ዘንድ ከመንገዱ ሥር የቀረ ውኃ ነው።

ሾፌሮች በዚህ ክፍል መሀል መሀሉን መንዳት ይወዳሉ። መንገዱ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ ከፊት መኪና ሲመጣ ሁለቱም ወደየጠርዛቸው ይወጣሉ፤ ተላልፈው እንደገና ወደ መሀል ይመለሳሉ። ጠርዙ ደህና በሆነበት ቦታ ይህ ልማድ ይቀንሳል፤ በተቆራረሰበት ይበዛል። የመንገዱን ጤንነት ወርዶ ሳይመለከቱ ከነጂዎቹ አነዳድ ማንበብ ይቻላል።

ቢቸና

አስፋልቱ ቢቸና ሲደርስ የከተማ መንገድ ይሆናል። ባጃጅ ከጎን ይገባል፤ አህያ ጤፍ ጭኖ መሀሉን ይዞ ይሄዳል፤ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሣት ሳያመለክት ይቆማል። ገበያ ቀን ሲሆን ከከተማው መግቢያ ገና ብዙ ሳይርቅ ሰልፉ ይጀምራል፦ በቀኝ በኩል እግረኛ፣ በግራ በኩል ከብት፣ በመካከላቸው መኪና። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ የከብቱ ባለቤት በሬውን በዱላ ያስጠጋል፤ ሌላው በሬ የተለቀቀውን ቦታ ይይዘዋል። በዚህ ክፍል ያለው ፍጥነት ከመኪናው ዓይነት ጋር ግንኙነት የለውም። ላንድክሩዘሩም አይሱዙውም በአህያው ፍጥነት ይሄዳሉ።

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ያልፋል። በአርበኝነት ዘመን የበላይ ዘለቀ ስም ከዚህች ከተማና ከዙሪያዋ ጋር ተያይዞ ይነሣል። በቅርቧ ያለው ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዲማን ላላያት አንባቢ ሁሉ አስተዋውቋታል። ወደ እነዚህ ቦታዎች ከዋናው አስፋልት የሚገነጠሉት መንገዶች ግን እንደ ዋናው አይደሉም። ከአስፋልቱ በወጡ በመቶ ሜትሮች ውስጥ የጎማው ድምፅ ይለወጣል፤ ክረምት ላይ ዝቅተኛ መኪና ይዞ መግባት አይመከርም።

ነዳጅ ለመቅዳት ቢቸናና ሞጣ በዚህ መስመር ዋነኞቹ ቦታዎች ናቸው። ከ2015 ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት ዲጂታል መንገዶች እንዲሆን ስለተወሰነ ሾፌሩ ከማደያው በር ላይ ከኪሱ የሚያወጣው ስልክ ነው። ማደያው ባዶ በሆነበት ቀን በመንገድ ዳር ጀሪካን ይዘው የሚቆሙት ግን የሚቀበሉት ጥሬ ብር ነው።

ከቢቸና እስከ ሞጣ

ይህ የቅኝቱ ረጅሙ ክፍል ሲሆን 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በርዝመት ለማነጻጸር የሚመቸው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ነው፤ እሱ ከነመጋቢዎቹ 85 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጭነት ለማምጣት ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ መስመር የሚወርዱ የጎጃም ሾፌሮች ሁለቱንም ስለሚያውቋቸው ንጽጽሩን የሚጀምሩት ራሳቸው ናቸው።

የአዳማው መንገድ መስከረም 2007 ተመረቀ። 11.2 ቢሊዮን ብር ፈጅቷል፤ አብዛኛው ወጪ ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው፤ የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው። በአንድ አቅጣጫ ሦስት፣ በጠቅላላው ስድስት መስመር አለው። የቢቸናው መንገድ በአንድ አቅጣጫ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት መስመር አለው። በአዳማው ከፍተኛው ፍጥነት 120 ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቀኙን ይይዛል፤ የሚቀድም በግራ ያልፋል። በቢቸናው የሚቀድም ሰው ከፊት የሚመጣውን መስመር ይበደራል፤ ሳይታይ የመጣ መኪና ካለ ብድሩን ወዲያው መመለስ አለበት።

የአዳማው መንገድ በአጥር የተከለለ ነው። እግረኛ፣ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ አይገቡበትም። መግቢያና መውጫዎቹ ውስን ናቸው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆና አዳማ ከእነሱ መካከል ናቸው። ሾፌሩ ሲገባ ካርድ ይወስዳል፤ ሲወጣ በተሽከርካሪው ዓይነትና በሄደበት ርቀት ይከፍላል። በቢቸናው መንገድ የሚከፈል የለም፤ መግቢያውና መውጫው ደግሞ የትም ነው። ከየማሳው የሚመጣ የእግር መንገድ ሁሉ አስፋልቱን ይገናኛል፤ እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ልጅ፣ በግ ወይም እንጨት የተሸከመች ሴት ልትኖር ትችላለች። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ተማሪው አስፋልቱን ሞልቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው የአዳማውን 85 ኪሎ ሜትር በ51 ደቂቃ ይጨርሳል። ከቢቸና ሞጣ በአማካይ 50 ቢነዳ 105ቱን ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይጨርሳል። በርቀት 20 ኪሎ ሜትር፣ በጊዜ 75 ደቂቃ ይለያያሉ።

የብልሽቱም ሥርዓት ይለያያል። በፈጣኑ መንገድ የተበላሸ መኪና ወደ ቀኝ ዳር ይወጣል፤ የመንገዱ ቅኝት ሠራተኞች ይደርሱለታል። በሞቃት አገር በፍጥነት ሲነዳ ያረጀ ጎማ ስለሚፈነዳ ለአዲስ ሾፌር በዚያ መንገድ የሚሰጠው ምክር ጎማውን አይቶ እንዲገባ ነው። በቢቸናና በሞጣ መካከል የተበላሸ መኪና ብዙ ጊዜ የሚቆመው መስመሩ ላይ ነው፤ ከአስፋልቱ ቢወርድ ቦዩ ውስጥ ይገባልና። ረዳቱ ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ከኋላ በኩል በርከት ባሉ እርምጃዎች ርቀት ላይ ቅጠሉን አስፋልቱ ላይ ያስቀምጣል፤ ቀጥሎ ጭንቅላት የሚያካክሉ ድንጋዮች እየቀረቡ እስከ መኪናው ድረስ ይደረድራል። ለሚመጣው ሾፌር የሚለው ግልጽ ነው፦ ፊት ለፊት የቆመ አለ። መኪናው ተሠርቶ ሲሄድ ቅጠሉ በነፋስ ይወሰዳል። ድንጋዮቹን የሚያነሣቸው ረዳት አለ፤ ጥሏቸው የሚሄድም አለ። ሌሊት የሚነዳ ሰው የሚፈራው የቆመውን መኪና ሳይሆን ሄዶ ያበቃውን መኪና ድንጋይ ነው።

በምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለ፤ በምሥራቅ በኩል ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ይሄዳል። መንገዱ የሁለቱን መሀል ይዞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች ወደ ዓባይ ለመውረድ የግድ ይህን መንገድ ማቋረጥ አለባቸው። በሜዳው ላይ ደህና ሲነዳ የነበረ ሾፌር በየመካከሉ ወደ ወንዝ የሚወርደው፣ ድልድይ ተሻግሮም የሚወጣው ስለዚህ ነው። ከዓባይ በረሃ ጋር ሲተያይ እነዚህ ትናንሽ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ይበዛል። ክረምት ላይ ድልድዩ ደህና ሆኖ ሳለ ከዳገቱ የወረደ ደለልና ድንጋይ መዳረሻውን ሊሸፍነው ይችላል።

ከቢቸና ቀጥሎ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ደብረ ወርቅ ትመጣለች። በዕድሜ ጠገቡ የእመቤታችን ገዳም የምትታወቅ በመሆኗ በማርያም በዓላት፣ በተለይም ጥር 21፣ የሕዝብ ማመላለሻው ይጨናነቃል። በሌላ ቀን ባዶ ወንበር ይዞ የሚያልፍ ሚኒባስ በዚያ ሰሞን በረዳቱ ትከሻ ላይ ሳይቀር ሰው ይጭናል።

ቀጥሎ ግንደወይን ነው። ከዚህ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ወደ መርጡለ ማርያም ይወስዳል፤ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያለው እዚያ ነው። ያው አቅጣጫ ዓባይን ተሻግሮ በመካነ ሰላም በኩል ወደ ወሎ ይቀጥላል። ደጀን ላይ የሚለየው መንገድ ሁለቱም ጫፉ ባሕር ዳር ነው። ግንደወይን ላይ የሚለየው ግን አገሩ ሌላ ነው፤ በደሴ በኩል ጉዳይ ያለው የጎጃም ሰው አዲስ አበባ ሳይገባ የሚሻገርበት አቅጣጫ ነው። ከግንደወይን በኋላ ቀራንዮ አልፎ ሞጣ ይደረሳል።

ሞጣ

ሞጣ ከቢቸና ሰፋ ትላለች፤ ከፍታዋ ግን ተቀራራቢ ነው፤ ወደ 2,490 ሜትር። ከዚህ በፊት ያለፍናቸው ከተሞች አብዛኞቹ በአንድ መንገድ ላይ የተዘረጉ ናቸው። በሞጣ በኩል መንገዶች ይገናኛሉ፦ አንዱ ከደጀን የመጣው፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው፣ አንዱ በቢቡኝ ወረዳ ከጮቄ ጥግ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያመራው። ስለዚህ መናኸሪያው ውስጥ ረዳቶቹ የሚጠሯቸው ስሞች ከቢቸናው ይበዛሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» የሚለው ድምፅ ይበረታል፤ ለሞጣ ሰው ትልቁ ሆስፒታልም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ጅምላ ሱቁም በ120 ኪሎ ሜትር እዚያ ነውና። ወደ አዲስ አበባ ያለው ጉዞ የዚህን ሦስት እጥፍ ይሆናል።

የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ያሠሩት የሞጣ ጊዮርጊስ ከተማዋ ከመኪና በፊትም የመንገደኛ መድረሻ እንደነበረች ያስረዳል። ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ሌላ ነገርም በዚህ በኩል ይገኛል። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ያለው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነፀ ነው፤ ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች አንዱን ቅስት ስለሰበሩት ከዚያ ወዲህ ሰው የሚሻገረው በገመድ እየተጎተተ ነበር። ገመዱን ከዚህና ከዚያ ማዶ የሚይዙ ሰዎች ነበሩ፤ መሻገሪያ ይከፈላቸው ነበር። የዚህን ፎቶግራፍ በመጽሔት ያየ አንድ አሜሪካዊ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ክፍተቱን በብረት ጠገነው። ጎርፍ ብረቱን ከወሰደው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 በገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። መኪና አያልፍበትም። ሞጣ ላይ የሚያድር ሾፌር ከከተማው ወጥቶ አይቶት የማያውቀው የዓባይ መሻገሪያ ይህ ነው።

ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር

የቀረው 120 ኪሎ ሜትር በሁለት ይከፈላል። ሞጣ–አዴት 78፣ አዴት–ባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከምሥራቅ ጎጃም ወጥቶ በጎንጂ ቆለላ በኩል ያልፋል፤ ወጣ ገባው ይበዛል፤ የመኪናው ቁጥር ያነሰ ነው። ሁለተኛው ክፍል ሜዳነቱ ይጨምራል፤ የከተማ ሚኒባስና ባጃጅም እየበዛ ይሄዳል። ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር በጠቅላላው ወደ 700 ሜትር ይወረዳል። ይህ ከዓባይ በረሃው ቁልቁለት ግማሽ ያህል ነው፤ በ120 ኪሎ ሜትር ላይ ስለተበተነ ግን ፍሬን የሚያስሸትት ቦታ አይደለም።

አዴት በግብርና ምርምር ማዕከሏ የታወቀች ከተማ ናት። ከአዴት ወዲህ ያለው መንገድ ወደ ባሕር ዳር ጠዋት ሄደው ማታ የሚመለሱ ሠራተኞችና ነጋዴዎች የሚመላለሱበት ነው። ጠዋት ላይ ወደ ከተማው የሚገባው መስመር ይሞላል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የሚወጣው ይሞላል። ከሞጣ በጠዋት የተነሣ ሾፌር አዴትን ረፋድ ላይ ካለፈ በሁለቱም መካከል ይገባል።

ባሕር ዳር ውስጥ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ግንቦት 2016 ተከፍቷል። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ ወጪው 1.4 ቢሊዮን ብር ነው። ከህዳሴ ድልድይ በ77 ሜትር ይረዝማል። ስድስት የመኪና መስመር ስላለው በመስመር ቁጥር ከአዳማው ፈጣን መንገድ ጋር እኩል ነው፤ በአዳማው ስድስቱ መስመር ለ85 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀጥላል፤ በዚህ በኩል ከተማውን ለቆ ወደ ወረታ ሲወጣ መንገዱ እንደገና ሁለት ይሆናል። በጎኑ ያለው ከ60 ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌ ድልድይ የሚበቃው ለአንድ ሂያጅና ለአንድ መጪ ነበር፤ ከባድ መኪና ሲገባበት ሌላው ወረፋ ይጠብቅ ነበር።

በሞጣ በኩል የመጣ ሾፌር ጭነቱን ባሕር ዳር የሚያራግፍ ከሆነ ይህን ድልድይ አይሻገርም፤ የአዴት መንገድ የሚገባው ከዓባይ ወዲህ ማዶ ነው። ዓባይን የተሻገረው ታች በረሃው ላይ አንድ ጊዜ ነው። ወደ ወረታ፣ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ጎንደር የሚቀጥለው ግን ሁለተኛ ይሻገረዋል፤ ደጀን ላይ ግራውን ይዞ የመጣውም እንደዚሁ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ የቀኙ መኪና ናፍጣ መለኪያ 22 ሊትር ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ የግራው በአምስት ትልልቅ ከተሞች ሰው አውርዶና ጭኖ መጥቷል።